“እሷ” ልበላት ወይስ “እሳቸው”?

ከአራሚዋ ጠረጴዛ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም የሚጠይቁት ዕድሜዋ ገፋ ስላለ ሴትና ስለ ፍቅር ልብ ወለድ ነው። በመጪው ጥቅምት 64 ዓመት ስለሚሞላኝ ገለልተኛ ዳኛ ነኝ ብዬ አልምልም።

“እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የመጀመሪያ ልብ ወለዴን በመጻፍ ላይ ነኝ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ 58 ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ልብስ ስፌት ቤት አላት። ጨርቅ ከሚያመጣላት ነጋዴ ጋር ይዋደዳሉ። ያስቸገረኝ እንዲህ ነው፦ ‘እሷ’ እያልኩ የጻፍኩትን እናቴ አነበበችና ‘እኔን የምታክል ሴት እንዲህ ታቃልያለሽ?’ ብላ ተቆጣችኝ። ‘እሳቸው’ ብዬ ሳስተካክለው ደግሞ ጓደኞቼ የዕድር ሊቀ መንበር ታሪክ መሰለን አሉ። የቱ ይሻላል?”
ጀማሪዋ፣ ከሐዋሳ

ልጄ፣ ጥያቄሽ አንድ የቆየ ኃጢአቴን ቀሰቀሰብኝ።

24 ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ወሬን ይዤያለሁ። አንድ ረቂቅ ልብ ወለድ እጄ ገባ። ሞጆ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሻይ ቤት ያላት የ52 ዓመት ሴት አለች፤ አንድ የባቡር ሠራተኛም አለ። ዝናብ ባቡሩን ባዘገየበት ማታ ሰውየው በስብሶ ይገባል። ሴትዮዋ ኮቱን ትቀበለውና ከከሰል ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ታሰጣዋለች። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ምንም ሳትናገር፣ እጁን ትይዘዋለች። እኔ ምን አደረግሁ? የ52 ዓመት ሴት “እሷ” መባሏ የደራሲው ስሕተት መሰለኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ አሥራ ስምንት ገጽ ሙሉ አከበርኳት። “ኮቱን ተቀበለችው” የነበረው “ኮቱን ተቀበሉት” ሆነ። “እጁን ያዘችው” የነበረው “እጁን ያዙት” ሆነ።

ደራሲው የእርማቱን ቅጂ ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ በጣቱ አንድ መስመር አሳየኝ። “እመቤቴ፣ እኔ ፍቅር ጽፌ ሰጠሁሽ፤ አንቺ ሰውየውን በፖሊስ አስያዝሽብኝ” አለኝ።

እውነቱን ነበር። አማርኛ የሚያከብረው በብዙ ቁጥር ነው። “ያዙት” ሲባል የያዘችው የተከበረች አንዲት ሴት ትሁን ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ይሁኑ በምን ይለያል? “አቀፋቸው” ሲባልስ ማንን ነው ያቀፈው፣ ቤተሰቡን በሙሉ? ዛሬ ግን ይበልጥ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ረቂቅ ውስጥ ሰውየው 57 ዓመቱ ነበር። እሱን “እሱ” መባሉን አንድም ቦታ አላረምኩም። ዐይኔ ላይ እንኳ አልገባም። ከእሷ በአምስት ዓመት ይበልጣል፤ ግን አፍቃሪ መሆኑ እንግዳ ስላልሆነብኝ አክብሮቴን ነፈግኩት። እሷን ግን ከፍቅሩ ለማውጣት ስል አከበርኳት።

ቋንቋችን በዚህ ብቻ አያበቃም። ጸጉሩ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ወንድ “ጎልማሳ” ነው፤ ሚስት ከሌለችው ደግሞ “ወንደላጤ”፣ ቃሉ ራሱ ፈገግ ያሰኛል። በዚያው ዕድሜ ላይ ላለችው ሴት የተሰናዳላት ምንድን ነው? ፈት፣ መበለት፣ ባልቴት፣ ቆሞ ቀር። የድሮ ሰዎች ባል የሌላትን ሴት ይሉበት የነበረው “ጋለሞታ” ደግሞ ዛሬ የለየለት ስድብ ሆኗል። አንዱ ቃል ባሏ መሞቱን ይነግረናል፣ አንዱ መፍታቷን፣ አንዱ ጭራሽ አለመምጣቱን። እሷ ራሷ የት እንዳለች የሚናገር አንድም የለም። ስለዚህ ልብ ወለድሽ ውስጥ ከእነዚህ አንዱንም በተራኪው አፍ አታስገቢ። ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ስሟን ብቻ ጥሪ፤ “ወይዘሮ” እንኳ ሳትጨምሪ። “እሷ” በያት፤ እስከ መጨረሻው።

አክብሮቱ ሌላ ቦታ ይግባ። ስፌት ቤቱ ውስጥ የምታሠለጥናቸው ልጆች “እትዬ” ይበሏት፤ “መጡ፣ ዝም በሉ” ይባባሉ። ደንበኞች “እርስዎ” ይበሏት። ሰው ሁሉ ሲያከብራት ተራኪዋ ግን አጠገቧ ተቀምጣ መርፌ ታቀብላት። ለእናትሽም እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፦ እግዚአብሔርን “አንተ”፣ እመቤታችንን “አንቺ” ብለን ነው የምንጸልየው። ማቃለል ቢሆን ኖሮ ካህናቱ ከሁላችን ቀድመው ያርሙት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያስቸገረሽ ሰዋስው ስጦታሽ ነው። “እርስዎ” የሚለውን ቃል ልብ በይው፤ ጾታ የለውም። “እንደምን ዋሉ” ስትባል ሴት ትሁን ወንድ ቃሉ አይለይም። ጀግናሽ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ጾታ በሌለው አክብሮት ውስጥ ኖራለች። “አንቺ” ያላት ቀን ሴትነቷ ተመለሰላት ማለት ነው። ይህን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ያንን ቀን አታባክኚው። ነጋዴው ጨርቁን አውርዶ ጨርሷል እንበል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቡና ተፈልቷል፤ አቦሉ ተጠጥቷል። ቶናውን ስትቀዳለት፣ ዘወትር “ይቀመጡ እንጂ” የሚላት ሰው “ተቀመጪ እንጂ” ይበላት። አንቺ ዝም በይ። ልቧ መምታቱን አትጻፊ፤ ፊቷ መቅላቱንም አትጻፊ። እሷ አትቀመጥም። ስኳር ላምጣ ብላ ጓዳ ትገባለች። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጓዳ ውስጥ ቆማ በረኪና ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ ታነባለች። ከዚያ ባዶ እጇን ትመለስና “ስንት ማንኪያ ላድርግልህ?” ትለዋለች። ያቺ “ህ” በቂ ናት። ከዚያ በኋላ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ስለ ዝናብ ብትጽፊ እንኳ አንባቢሽ አይለቅሽም።

የምለምንሽ ነገር አለ። የ58 ዓመት ሴት እንደ 20 ዓመት ኮረዳ አታሩጫት። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ይንቋቋ። የላከላትን መልእክት ለማንበብ መነጽር ትፈልግ፤ መነጽሩን ደግሞ ረዳቷ ለክር ማስገቢያ ወስዳዋለች፤ “እትዬ፣ እኔ ላንብብልዎ?” ትበላት። እስኪ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚሰቅል ነገር አምጪ።

“ለመሆኑ በልብ ወለድ ውስጥ ‘ዕድሜዋ የገፋ’ የሚባለው ከስንት ጀምሮ ነው?”
ከአዳማ

እንደ ጸሐፊውና እንደ ዘመኑ ነው። እንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተን ከሞተች በኋላ፣ በ1817 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለንባብ የበቃው ልብ ወለዷ ውስጥ አን ኤልየት ውበቷ ረግፎ ያለቀላት ተደርጋ ትታያለች፤ ዕድሜዋ 27 ነው። የእኛዋ ሰብለ ወንጌልም ገና ልጅ ሳለች ነው አባቷ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ “ቤት ቀረች” መባል የጀመረችው። ፈረንሳያዊቷ ኮሌት በ1920 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ያለችው ሌያ 49 ዓመቷ ነው፤ ወዳጇ በዕድሜ ግማሿ ነው። ደራሲዋ ራሷ ያኔ 47 ዓመቷ ነበር። ኮሎምቢያዊው ጋብሬል ጋርሲያ ማርኬዝ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ ፌርሚና ዳሳ ፍቅር ሲጠየቅላት 72 ዓመቷ ነው። ከ27 እስከ 72፤ ቁጥሮቹ ቦታ እስኪለዋወጡ ድረስ 168 ዓመት ፈጀ።

የቤተሰብ ሕጋችን፣ የ1992 ዓ.ም. አዋጅ፣ ለጋብቻ ወለል አበጅቷል፤ 18 ዓመት። ጣሪያ አላበጀም።

“እንደምን ነሽ? ዕድሜያችን ስለሚቀራረብ አንቺ ብዬሻለሁ። 61 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተፋታን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ሥራ ስሄድና ስመለስ ባቡር ላይ አነባለሁ። የፍቅር መጽሐፍ እወዳለሁ፤ ችግሩ እኔን የምታክል ሴት ሁልጊዜ የሙሽራዋ እናት ናት። ወጥ ትቀምሳለች፣ ‘ጨው አንሶታል’ ትላለች፣ ትወጣለች። በመጨረሻው የማትሞት፣ የማትመነኩስ፣ የልጅ ልጅ በማሳደግ ብቻ የማትቀር አፍቃሪ ካለች ጠቁሚኝ።”
ባቡር ላይ የምታነበው

አንቺ በማለትሽ ደስ ብሎኛል፤ ሰሞኑን የማገኘው “እማማ” ብቻ ነው።

“የማትመነኩስ” ያልሽበት ገብቶኛል። ታላቁ የፍቅር መጽሐፋችን በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ሐዲስ ዓለማየሁ መጨረሻውን ርእሱ ላይ ጽፈውት ነው፤ እስከ መቃብር። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊዎቻችን ፍቅርን ሳይቀብሩ ወደ ቤት መሄድ ነውር የሆነባቸው ይመስለኛል። አሜሪካኖቹ “ሮማንስ” ብለው የሚሸጡት ዘርፍ ደግሞ ተቃራኒውን ሕግ አድርጎታል፤ መጨረሻው ካላማረ ከዘርፉ ይወጣል። ያንቺ ጥያቄ የሚፈልገው ይህንን ነው። የሰፈርሽን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ “ሲዝንድ ሮማንስ” ብለሽ ጠይቂ፤ ዕድሜያቸው የገፋ አፍቃሪዎች ላሉበት የሰጡት ስም ነው። ቅመም የገባበት ማለታቸው ነው። ወጥ ከመቅመስ ራሳችን ወጥ ወደ መሆን ተሸጋግረናል።

እኔ ግን አንድ መጽሐፍ በስሙ ልንገርሽ፤ ኬንት ሃሩፍ የጻፈው “አወር ሶልስ አት ናይት”። ደራሲው በ2014 እ.ኤ.አ. በታመመበት ወራት የጻፈው ነው፤ በዚያው ዓመት ሞተ፤ መጽሐፉ በማግሥቱ ዓመት ወጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው ሆልት ብሎ በፈጠራት የኮሎራዶ ትንሽ ከተማ ነው። አዲ ሙር 70 ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሞቷል። አንድ ምሽት ተነሥታ ጎረቤቷ ሉዊስ ዋተርስ ቤት ትሄዳለች፤ የእሱም ሚስት ሞታለች። “ማታ ማታ እኔ ዘንድ እየመጣህ ብታድር ምን ይመስልሃል?” ትለዋለች። የምትለው በጨለማ ጎን ለጎን ተጋድሞ ስለ ማውራት ነው። ቀኑን ችላዋለች፤ ሌሊቱ ነው የከበዳት።

ሉዊስ በመጀመሪያው ማታ ፒጃማውንና የጥርስ ብሩሹን በወረቀት ከረጢት ይዞ፣ ሰው እንዳያየው በጓሮ በኩል ይመጣል። እሷ ግን በፊት በር እንዲመጣ ትነግረዋለች። ሰው ምን ይለኛል ስትል ዕድሜዋ አልቋል፤ በቃኝ ብላለች። መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ በሁለት ቀን ምልልስ ባቡር ላይ ያልቅልሻል። እኔ ያችን የወረቀት ከረጢት ነው የወደድኳት። ሻንጣ ቢሆን ጋብቻ ይመስላል፤ ባዶ እጁን ቢመጣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ይመስላል። ከረጢቷ በመካከል ናት። በ2017 እ.ኤ.አ. ጄን ፎንዳና ሮበርት ሬድፎርድ በፊልም ሠርተውታል፤ ሁለቱም ያኔ 80 ዓመት ግድም ነበሩ።

መጨረሻው ግን እንደ ጠየቅሽው አይደለም፤ አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። ልጇ የልጅ ልጇን እንዳታገኝ አደርጋለሁ ብሎ ያለያያቸዋል፤ ማታ ማታ በስልክ ማውራት ብቻ ይቀራቸዋል። ከባሕር ማዶ ሆኖ በስልክ መዋደድ ምን እንደሚመስል ለአንቺ አልነግርሽም።

በማርኬዝ መጽሐፍም፣ በእንግሊዝኛ “ላቭ ኢን ዘ ታይም ኦፍ ኮሌራ” በሚባለው፣ ልጅ አለች። ኦፌሊያ ትባላለች። በእናቷ ዕድሜ ፍቅር አስጸያፊ ነው ብላ ብትናገር ፌርሚና ከቤቷ ታባርራታለች። ያንን ገጽ ሳነብ አጨበጨብኩ። የሰውየው ነገር ግን አይዋጥልኝም። ፍሎሬንቲኖ አሪሳ 51 ዓመት ከ9 ወር ከ4 ቀን ጠበቅኩሽ ይላታል፤ በጥበቃው መካከል ግን ዘመዶቿ አደራ የሰጡትን የ14 ዓመት ተማሪ አበላሽቷል። ደራሲው ይህን በቀላሉ ያሳልፍለታል፤ እኔ አላሳልፍለትም። መጽሐፉን የምመክርሽ ለፌርሚና ስል ነው፤ አንድም ለመጨረሻው። ወንዝ ላይ በመርከብ ናቸው፤ ማንም እንዳይቀርባቸው ኮሌራ አለ የሚል ቢጫ ባንዲራ ሰቅለዋል። ካፒቴኑ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንመላለሰው ሲል የሚሰጠው መልስ “ዕድሜ ልካችንን” ነው። ሞትም ምንኩስናም የለም።

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጬ ያየሁትን ልንገርሽ። በወጣቶች ፍቅር የሚከለክለው አባት ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ። በእኛ ዕድሜ ግን ፊታውራሪ የሚሆነው የወለድነው ልጅ ነው። የሐዋሳዋ ጀማሪ ይህን ካነበብሽ፣ የጀግናሽ ወንድ ልጅ የት እንዳለ እስካሁን አልነገርሽኝም።

“ለዓምዱ አዘጋጅ፦ 41 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ደሴ ነው። እናቴ 66 ዓመታቸው ነው፤ አባታችን ካረፉ አሥር ዓመት አልፏል። ሰሞኑን የእናቴን ፍራሽ ፀሐይ ላሰጣ ሳነሣ ከሥሩ ልብ ወለድ አገኘሁ። ከመጽሐፍ አከራይ የተወሰደ ነው። አንዲት አሮጊት ከጎረቤቷ ጋር ስትዋደድ ይተርካል። የአንዱ ገጽ ጥግ ታጥፏል። ገልጬ ሳነበው አፈርኩ። ይህ ከባህላችን ውጭ አይደለም? እናንተስ እንዲህ ዓይነቱን ለምን ታበረታታላችሁ?”
ያሳሰበው ልጅ

ወንድሜ፣ ባህላችን የትኛው እንደ ሆነ አብረን እንይ።

ጎንደር ሄደው ከሆነ ከከተማው ወጣ ብሎ የቁስቋምን ፍርስራሽ አይተዋል። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባላቸው አፄ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ እቴጌዋ ገና ወጣት ነበሩ፤ ቢሆንም የንጉሥ እናት፣ የመንግሥቱም ጠባቂ ነበሩ። ከባላቸው የእኅት ልጅ፣ በዕድሜ ከሚያንሳቸው ኢያሱ ጋር ኖረው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ቤተ መንግሥቱ ሰውየውን “ምልምል ኢያሱ” ብሎ ተሳለቀበት። ከእነዚያ ልጆች አንዷን፣ ወይዘሮ አስቴርን፣ ያገቡት ራስ ሚካኤል ግን አያቷ ሊሆኑ የሚችሉ ሽማግሌ ነበሩ። የእሳቸው ቅጽል “ስሑል” ነው፤ የተሳለ ማለት። እቴጌ ጣይቱም በ1875 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር ሲጋቡ ሠላሳ ዓመት ግድም የሆናቸው፣ ከዚያ በፊት ትዳር ይዘው የፈቱ ሴት ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ልኬት ዕድሜያቸው የገፋ ነው። አድዋ ላይ አብረው የዘመቱት ከእሳቸው ጋር ነው።

ደሴ ስለሆኑ ሁለቱንም ቤት ላንኳኳ። በመጽሐፍ ቅዱስ ሣራ “ካረጀሁ በኋላ ነው ወይ?” ብላ በልቧ የሳቀችው ስለ ልጅ ብቻ መስሎዎት ከሆነ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18ን ደግመው ያንብቡ። በእስልምናም ትውፊት ኸዲጃ ባላቸው የሞተባቸው፣ ነጋዴ፣ የ40 ዓመት ሴት ሳሉ ነው የ25 ዓመቱን ነቢይ ያገቡት፤ ጋብቻውን በሰው ያስጠየቁትም እሳቸው ናቸው። ሁሉም የቆየ ወሬ ነው። አዲሱ ነገር ያፈሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ይልቅ ሌላ ነገር አሳስቦኛል። ልብ ወለዱ የኪራይ ነው ብለውኛል። ሲዘጉት ያችን የታጠፈች ጥግ ዘርግተው፣ በአውራ ጣትዎ ዳምጠው አስተካክለዋት እንዳይሆን። ወረቀት የሚያከብር ሰው ሳያውቀው ያደርገዋል። ዘርግተዋት ከሆነ የገጹን ቁጥር እንዳይረሱት፤ እናትዎ ጸሎት ቤት እንደ ሄዱ መልሰው ይጠፏት፤ በዚያው ልክ፣ ከላይ በስተቀኝ። የመመለሻው ቀን ሳይደርስ።